ሴቭ ላድርግ ወይ ሲላችሁ እሺ አትበሉ

ቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ የሚባለውን የውጊያ ጌም የተጫወትኩት ዘመድ ከውጭ በላከልን በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ነው። ጌሙ በፈረንጆቹ 1997 ጃፓን፣ በ1998 ደግሞ አሜሪካ የወጣ ነው። እኔ እጅ የገባው ግን በጣም ቆይቶ ነው። ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ከኳስ ሌላ አያውቅም፤ የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ አንድ መምህር ስለ አጨዋወቱ ትምህርት ይሰጣል። ሦስቴ አነበብኩት፣ ምንም አልገባኝም። እንግሊዝኛዬን ረገምኩ። ትርጉሙ ራሱ የተበላሸ እንደሆነ፣ በዚህም በተጫዋቾች ዘንድ መሳቂያ እንደሆነ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ በ2007 ለፒኤስፒ፣ በእጅ ለሚያዘው ፕሌይስቴሽን፣ ሲያወጡት እንደ አዲስ ተረጎሙት። ስለዚህ ትምህርቱን ዝለሉት። ሁለት ውጊያ ከገባችሁ ይበቃል፦ ሜዳው እንደ ዳማ በካሬ የተከፋፈለ ነው፣ ፈጣኑ ቶሎ ቶሎ ተራ ይደርሰዋል፣ የወደቀ ሰው በሦስት ተራ ውስጥ ካልተነሳ ለዘላለም ሄደ።

ከአራቱ ምዕራፎች ሁለቱን ያለ ብዙ ችግር ጨረስኩ። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ሪዮቫነስ የሚባል ግንብ አለ። ጉዴ የፈላው እዚያ ነው።

ግንቡ ውስጥ ሦስት ውጊያ በተከታታይ ይመጣል፦ በሩ ላይ፣ ውስጥ፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ። በሩን አሸነፍኩ። ወዲያው ጌሙ በትህትና ሴቭ ላድርግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሴቭ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ካርድ 15 ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ 14ቱን የታላቅ ወንድሜ የኳስ ሊጎች ይዘውታል፣ ለእኔ የተረፈችኝ አንዲት ናት። እሷው ላይ ሴቭ አደረግኩ። የድሮው ጠፋ፣ አዲሱ ተተካ።

ውስጥ ስገባ የጌሙ ዋና ሰው ራምዛ ብቻውን ዊግራፍ ከሚባል ባላንጣው ጋር ይጋጠማል። ጓደኞቹ የሉም። ዊግራፍ ከሩቅ በሰይፉ መብረቅ ያወርዳል፤ የኔ ራምዛ በሁለት ምት ወደቀ። እንደገና ጀመርኩ፣ ወደቀ። ወጥቼ ትንሽ ልለማመድ፣ መድኃኒት ልግዛ አልኩ። መውጫ የለም! ሴቭ ያደረግኩት በሁለት ውጊያዎች መካከል ስለሆነ ወደ ካርታው መመለስ አይቻልም። ጌሙን ባበራሁት ቁጥር የሚጠብቀኝ ያው ዊግራፍ ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱን ሳበራ፣ ስሸነፍ፣ ስዘጋ ከረምኩ። አንድ ቀን ጫፍ ላይ ደርሼ መብራት ሄደ። እስካሁን ድረስ ያኔ ላሸንፍ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ውሸቴን ነው፣ እሱን ብገድለው እንኳ ወዲያው ቬሊየስ ወደሚባል ጭራቅ ተለውጦ ይነሳል።

«ወንድም ጋሼ፣ አንዷን ሊግ ላጥፋት?» ብዬ ለመንኩት፤ ለሚቀጥለው ሙከራ ሁለት ቦታ እንዲኖረኝ።

«ነካ አድርጋትና ታያለህ» አለኝ፣ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን እሱ አይደለም። ማሽኑ ላይ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያው ሁለት ነው። ሁለተኛው እንደተከፈተ ባዶውን ሲያየኝ ከረመ፤ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ካርድ ልግዛ ብዬ አላሰብኩም። ከሠላሳ ሰዓት በላይ የተጫወትኩትን ጥዬ ከሀ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ግን መርካቶ ሄጄ ካርድ ገዛሁ።

በሁለተኛው ዙር ያደረግኩት ይህ ነው። ሁሉም ሰው ሌቨል ጨምር ይላል፤ እኔ አልስማማም። መንገድ ላይ የሚገጥሟችሁ ጠላቶች ከእናንተ ሌቨል ጋር አብረው ያድጋሉ፤ ችሎታ ሳይኖራችሁ ሌቨል ብቻ ከቆለላችሁ የምታጠነክሩት እነሱን ነው። የሚያስፈልገው ችሎታ መግዣው ነጥብ ነው። እሱ ደግሞ ጠላት በመግደል ሳይሆን በእያንዳንዱ የተሳካ ድርጊት ይገኛል። ጌሙ ውስጥ ያለው ማንዳሊያ ሜዳ ላይ አንድ ጠላት አስቀርቼ የራሴ ሰዎች ተራ በተራ ጉልበታቸውን እንዲያጠራቅሙ አደርግ ነበር። አሰልቺ ነው፣ ሬዲዮ ክፈቱ።

ለራምዛ ሁለት ነገር አስተማርኩት። አንደኛው ኦቶ ፖሽን ነው፤ በተመታ ቁጥር ራሱ መድኃኒት ይጠጣል። ይህ ችሎታ ግን ከቦርሳው ደካማውን ቀድሞ ስለሚያነሳ 30 ብቻ የሚመልሰውን ተራ ፖሽን በሙሉ ሽጣችሁ 70 የሚመልሰውን ሃይ ፖሽን ብቻ ያዙ። ሁለተኛው ዬል ነው። ራሱ ላይ ሲጮህ ፍጥነቱ በአንድ ይጨምራል፣ ውጊያው እስኪያልቅም አይቀንስም። ስለዚህ ዊግራፍን አልነካሁትም። እየሸሸሁ ጮህኩ፣ እየሸሸሁ ጮህኩ። በመጨረሻ እሱ አንዴ ሲንቀሳቀስ እኔ ሦስቴ እንቀሳቀስ ነበር። ያኔ ዞርኩበት። እንዲህ ያለ ድል ጀግንነት አይመስልም፣ ግን ምን አገባኝ።

ጣሪያው ሌላ ጣጣ ነው። ራፋ የምትባለውን ልጅ ማዳን አለባችሁ፤ እሷ ግን ነፍሷን የጠላች ይመስል ወደ ገዳዮቿ ትሮጣለች። አንዳንዴ የእናንተ ተራ ሳይደርስ ትሞታለች። አራቴ እንዲህ ሆነብኝ፣ በአምስተኛው ተረፈች። ምን የተለየ ነገር አደረግክ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ፈጣን ሰዎቻችሁን ብቻ ይዛችሁ ግቡ፣ ሁሉንም ልግደል አትበሉ፤ እዚያ ካሉት ሦስት ጠላቶች አንዱ ክፉኛ ከቆሰለ ውጊያው ያልቃል።

በሁለተኛው ዙር በሩን ሳሸንፍ ጌሙ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ትህትና ደግሞ ጠይቆኝ ነበር። አዎ አልኩት፣ ግን በአዲሱ ካርድ ላይ፤ ከግንቡ ውጭ ያለውን ሴቭ አልነካሁትም። የወንድሜ ካርድ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ አለ፣ 14ቱ ሊጎች እንዳሉ ናቸው። አንዱንም አልጨረሰው።