የ17 ዓመቱን ልጅ ማን ይጠብቀዋል?

ፓርኪንግ ከምሠራበት ሕንፃ እስከ ናሽናልስ ስታዲየም በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ጨዋታ ባለ ቁጥር ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ አሳንሰሩ አጠገብ፣ አንዲት ቦታ በብርቱካናማ ኮን ከልዬ አቆያለሁ። የጋሼ ናት። ጋሼ ሐበሻ አይደሉም። እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ተወልደው እዚሁ ያረጁ የ78 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን "በእኛ አገር ታላቅን በስሙ ብቻ አንጠራም" ብያቸው ጋሼ ማለት ጀመርኩ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ቀረ። አሁን ሲደውሉልኝም "ጋሼ ነኝ" ነው የሚሉት። እሳቸው እኔን "ወንድሜ" ይሉኛል።

ቤዝቦልን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በልጅነታቸው አባታቸው እጃቸውን ይዘው ግሪፊዝ ስታዲየም ይወስዷቸው ነበር። ያ ስታዲየም ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል፣ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከ9ኛው ጎዳናና ከዩ ስትሪት እምብዛም ሳይርቅ። ልጄ የተወለደው እዚያ ሆስፒታል ነው። ይህን የነገርኳቸው ዕለት ጋሼ መኪናቸው ላይ ተደግፈው ዝም አሉ፤ ከዚያ "ልጅህ ሜዳችን ላይ ነዋ የተወለደው" አሉኝ። ወዳጅነታችን የጠነከረው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

እንግዲህ በ2025 ክረምት ከእኚህ ሰው ጋር ለአንድ ወር ያህል በአንድ ነገር ተከራከርን። የቤዝቦል ቡድናችን ናሽናልስ ከአገሪቱ አማተር ልጆች መጀመሪያ የመምረጥ ዕድል ደርሶት ነበርና፣ ማንን ይውሰድ?

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ ታዳጊ ተጫዋች እንደኛ አገር ከሰፈር ቡድን ወደ ቢ ቡድን፣ ከቢ ወደ ዋናው እያለ አይደለም የሚያድገው። ከ1965 ጀምሮ በየዓመቱ ድራፍት የሚሉት ምርጫ አለ። 30ዎቹ ቡድኖች በተራ እየተነሡ ከሁለተኛ ደረጃና ከኮሌጅ ልጆች አንድ አንድ ይወስዳሉ፤ አሁን 20 ዙር ነው። የሚመለከተው በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ የሚኖሩትን ነው። የዶሚኒካኑ ሁዋን ሶቶ በዚህ በር አልገባም፤ ገና በአፍላነቱ ከናሽናልስ ጋር በቀጥታ ተፈራርሞ ነው የመጣው። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። በቅርጫት ኳስ የተመረጠ ልጅ በዚያው መኸር ዋናው ቡድን ውስጥ ይሰለፋል። በቤዝቦል ግን ማይነር ሊግ በሚሉት በታችኞቹ ሊጎች፣ በትናንሽ ከተሞች፣ በአውቶቡስ እየዞረ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዓመት ይከርማል። ብዙው ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። ስለዚህ ድራፍት ላይ ማንን እንምረጥ ብሎ መከራከር፣ እስከ መቼ እንጠብቅ ብሎ መከራከር ነው።

አንደኛውን ምርጫ ማን እንደሚያገኝ የሚለየው ዕጣ ነው። ደካማ ውጤት ያላቸው ቡድኖች የተሻለ ዕድል ይሰጣቸዋል፤ ኳሶቹ ይሽከረከራሉ፣ ቁጥር ይወጣል። ዲሴምበር 2024 ዳላስ ላይ ዕጣው ሲወጣ የናሽናልስ ዕድል 10 በመቶ ገደማ ነበር፤ ደረሳቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም ቁጥራቸው መጀመሪያ ወጥቶ ነበር፤ ግን በደንቡ መሠረት በተከታታይ ዓመት ከዕጣው መጠቀም ስለማይፈቀድላቸው ተከልክለው 10ኛ ሆኑ። ይህን ስሰማ ጋሼ ማብራራት አላስፈለጋቸውም። እኔ እዚህ አገር የገባሁት በዲቪ ነው። ዲቪ ደርሶት ቃለ መጠይቅ ላይ የወደቀ ጓደኛ አለኝ፤ ፊቱን ዛሬም አልረሳውም።

ወደ ክርክሩ ልግባ። ስማቸው የሚነሣው በዋናነት ሦስት ነበሩ። አንዱ ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጣው ግራኝ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ)፣ ኬድ አንደርሰን ነው። ጁን 21 ቀን በኮሌጆች የፍጻሜ ውድድር ላይ ኮስታል ካሮላይናን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ዘጠኙንም ኢኒንግ (የጨዋታ ክፍል) ብቻውን ወርውሮ ጨረሰው። ሁለተኛው የኦክላሆማው ኢታን ሆሊዴይ ነው። አባቱ ማት ሆሊዴይ ስመ ጥር መቺ ነበር፣ ወንድሙ ጃክሰን በ2022 የመጀመሪያው ተመራጭ ነበር። ሦስተኛው ያው የኦክላሆማ ልጅ፣ ፎርት ኮብ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኢላይ ዊሊትስ ነው። በቀኝም በግራም ይመታል፤ ሾርትስቶፕ ነው፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም፣ ከሁሉ ፈጣን እጅ የሚጠየቅበት ቦታ። ከ2026 ተመራቂዎች ጋር መሆን ሲገባው ትምህርቱን በአንድ ዓመት ቀድሞ ጨርሶ የመጣ የ17 ዓመት ልጅ።

ልጄ የሆሊዴይ ወገን ነበር። "አባዬ፣ ጉልበቱን እየው እንጂ" እያለ ሆምራን ሲመታ፣ ማለትም ኳሱን ከአጥር ሲያሻግር፣ ያሳየኛል። ጋሼ አንደርሰንን ካልወሰዱ ብለው ቆረጡ። ማስረጃቸው ከባድ ነው። በ2023 ፒትስበርግ ፖል ስኪንስን ከዚያው ከሉዊዚያና ስቴት አንደኛ አድርጎ ወሰደ፤ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ሜይ 2024 ላይ ትልቁ ሊግ ገባ፣ በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ሁለተኛ መራጭ ናሽናልስ ነበሩ፤ የወሰዱት የስኪንስን የቡድን ጓደኛ ዲላን ክሩስን ነው። "በአንድ ቁጥር አመለጠን" ይላሉ ጋሼ፤ ሲናገሩ ዓይናቸው የሆነ ነገር ይሆናል።

እኔ የዊሊትስ ወገን ሆንኩ። በአፌ የምለው የጨዋታ ምክንያት ነበር። ፒቸር በአምስት ቀን አንዴ ነው የሚወረውረው፤ ሾርትስቶፕ ግን ከ162ቱ ጨዋታ አብዛኛውን ይቆማል። ደግሞ የፒቸር ክንድ አደራ የማይጣልበት ነገር ነው። ስቴፈን ስትራስበርግን ራሳቸው ጋሼ ናቸው የነገሩኝ። በ2009 ለናሽናልስ አንደኛ ተመርጦ ጁን 8 ቀን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ 14 መቺዎችን አስወጣ፤ ጋሼ ስታዲየም ውስጥ ነበሩ፣ የማያውቁትን ሰው አቅፈዋል። ክረምቱ ሳያልቅ የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ገባ። ተመልሶ በ2019 ዋንጫውን ሲያነሡ የፍጻሜው ኮከብ ሆነ፤ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የወረወረው በ8 ጨዋታ ብቻ ነው። በአንጻሩ ብራይስ ሃርፐር በ2010 ሲመረጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ በ19 ዓመቱ ትልቁ ሊግ ገብቶ የዓመቱ ጀማሪ ተባለ።

"ሃርፐር የት ነው ያለው?" አሉኝ ጋሼ።

"ፊላደልፊያ" አልኳቸው።

"ወንድሜ፣ አሳድገን ለፊላደልፊያ ሰጠን።"

እንዲህ ስንባባል ሌሎቹ ደንበኞችም መቆም ጀመሩ። አሳንሰሩ በር ላይ ቀይ ኮፍያ ያደረጉ አራት አምስት ሰዎች ቆመው፣ አንዱ ሆሊዴይ፣ አንዱ አንደርሰን፣ እኔ የመኪና ቁልፍ እንደጨበጥኩ ዊሊትስ። እዚህ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ከየት መጣህ ሳልባል፣ ቋንቋዬን ድገም ሳልባል፣ ሐሳቤን ብቻ አንሥተው የተሟገቱኝ ያኔ ነው። ይህን የሚረዳኝ ስደተኛ ብዙ ነው።

ጁላይ 6 እሑድ፣ የቦስተኑ ሬድ ሶክስ ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፎን በሄደ ዕለት፣ ቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጁን ማይክ ሪዞንና አሠልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን አሰናበተ። ዋንጫውን ያመጡት ሁለቱ ሰዎች፣ ድራፍቱ ሊደረግ አንድ ሳምንት ሲቀረው! ምርጫው በጊዜያዊው ኃላፊ በማይክ ዲባርቶሎ እጅ ወደቀ።

ጋሼ በማግሥቱ ደወሉልኝ። ስለ አንደርሰን ሊያወሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ስለ 1971 አወሩ። ሴፕቴምበር 30 ቀን፣ የድሮው ቡድናችን ሴናተርስ ወደ ቴክሳስ ከመሄዱ በፊት የመጨረሻውን ጨዋታ ሲጫወት የ24 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። ያንኪስን 7 ለ 5 እየመሩ፣ አሸናፊነቱ ሊጸድቅ አንድ ሰው ማስወጣት ሲቀራቸው፣ ተመልካቹ ሜዳውን ወረረው፤ ጨዋታው ለያንኪስ ተፈረደ። ከዚያ በኋላ እስከ 2005 ድረስ ዋሽንግተን ቡድን አልነበራትም።

"33 የውድድር ዘመን ያለ ቡድን ጠብቄአለሁ" አሉኝ። "አንተ የምትጠብቀው ልጅ አለህ። እኔን ጠብቅ አትበለኝ። ዝግጁ የሆነውን ስጡኝ።"

ስልኩን ዘግቼ የፓርኪንጓ ትንሽ ክፍል ውስጥ ቁጭ አልኩ። ዝግጁ የሆነውን። ይህን ቃል አውቀዋለሁ።

እኔም እዚህ አገር የገባሁት በ24 ዓመቴ ነው፣ በ2009። ደሴ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። የተቀበለኝ ዘመዴ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ወረቀት አመጣልኝ፤ አንዱ የኮሙኒቲ ኮሌጅ መመዝገቢያ፣ አንዱ የፓርኪንግ ሥራ ማመልከቻ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። አገር ቤት ሦስት ታናናሾች ትምህርት ላይ ነበሩ። የኮሌጁን ሞላሁት፣ የፓርኪንጉን አስገባሁት። የሠራሁት ስሕተት ነው አልልም። ከታናናሾቼ አንዷ ዛሬ ነርስ ናት፣ ሁለቱም ተመርቀዋል፤ በዚህ እኮራለሁ። ግን የተሞላችው ወረቀት አራት ቤት ስንቀይር አብራ ተጉዛ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለች። "አሁን የሚደርሰውን ውሰድ" የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር እሷ ትታየኛለች። አንድ ሰው አንድን የ17 ዓመት ልጅ "ቀስ ብለህ ድረስ፣ እኛ አለን" ሲለው ማየት ነበር የፈለግሁት። ለጋሼ ያልነገርኳቸው ይህንን ነው።

ድራፍቱ አትላንታ ላይ ጁላይ 13 እሑድ ምሽት ነበር፤ ሐምሌ 6 መሆኑ ነው፣ የሰኔ ጾም በተፈታ ማግሥት። ከቅዳሴ መልስ ዶሮው ቀርቦ፣ ልጄ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ ባለቤቴ ቡና እየቆላች ነበር። ኮሚሽነሩ ሮብ ማንፍሬድ ወጥተው የመጀመሪያውን ስም ጠሩ። ኢላይ ዊሊትስ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ልጄ ራሱን ያዘ። ከኬን ግሪፊ ጁኒየር፣ ከ1987 ወዲህ፣ በዕድሜ ከእሱ ያነሰ አንደኛ የተመረጠ የለም ሲሉ ሰማን። ባለቤቴ የቡናውን መቁያ እንደያዘች "ስንት ዓመቱ ነው?" አለች።

"17።"

"እናቱ አብራው ትሄዳለች?"

ልጄ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያን ሁሉ ቀን ስንከራከር ማናችንም ያልጠየቅነው ጥያቄ ነበር። የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ቃል ገብቶ የነበረ ልጅ አሁን ሻንጣውን ይዞ ማይነር ሊግ ሊገባ ነው። አባቱ ሬጂ ዊሊትስ ራሱ ለኤንጀልስ ቡድን ተጫውቷልና መንገዱን ያውቀዋል። ይህን ነገርኳት። "እሱስ ጥሩ፤ ግን እናት ነው ያልኩህ" አለችኝ።

አንደርሰን በሦስተኛው ወደ ሲያትል፣ ሆሊዴይ በአራተኛው ወደ ኮሎራዶ ሄዱ። ዊሊትስ በኋላ በ8.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ለአንደኛው ቦታ የተመደበው ከ11 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ልዩነቱ ቡድኑ በቀጣዮቹ ዙሮች ሌሎች የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን ለማስፈረም ረድቶታል። ልጄ ይህን ሲሰማ ትንሽ ለዘበ።

ጋሼ ግን አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም፤ ምን እላለሁ? የውድድሩ አጋማሽ የኦል ስታር ዕረፍት አልቆ ቡድኑ ወደ ሜዳው ሲመለስ ኮኗን ሦስተኛ ፎቅ አሳንሰሩ አጠገብ አቁሜ ጠበቅሁ። ጨዋታው ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው ያቺ የማውቃት አሮጌ መኪና በመወጣጫው ብቅ አለች። ኮኗን አነሣሁ፣ በሩን ከፈትኩላቸው፣ እንደ ወትሮው ትከሻዬን ይዘው ወጡ።

"መቼ ነው እዚህ የሚደርሰው?" አሉኝ። ስሙን አልጠሩም።

"ከተሳካለት በ2028 አካባቢ።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "81" አሉ ለራሳቸው።

ጉልበታቸውን እያሻሹ ወደ አሳንሰሩ ሄዱ። ከገቡ በኋላ በሩን በእጃቸው ያዝ አደረጉት።

"ያኔ ልጅህ ስንት ዓመት ይሆነዋል?"

"በክረምቱ ከሆነ 18።"

"ይዘኸው ና" አሉኝ፤ "ጎኔ ያለውን ወንበር እኔ እይዝለታለሁ።"