እንኳን አደረሳችሁ፣ የአባዬ ሥዕሎች እናንተ ቤት ናቸው

ወዳጆቼ፣ ዘመዶቼ፣ እዚህ የምትከታተሉኝ ሁላችሁ፣ እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2019ን የጤና፣ የጥጋብ፣ የሰላም ዓመት ያርግልን። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ላሊበላ፣ ከሚሴ ያላችሁ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ያው እኛ ጋ በዓል የሁሉም ነው፣ አምና የከበደበት ሰው ካለ አብሽር፣ ዘንድሮ ይቅለልህ።

ዘመነ ሉቃስ ሲገባ እኔ ሁሌም አባዬ ነው ትዝ የሚለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ወንጌላዊው ሉቃስ እመቤታችንን ከነልጇ የሳለ ነው ይባላል፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንለውን ማለት ነው፣ ስለዚህ የድሮ ሰዓሊዎች ሉቃስን እንደራሳቸው ሰው ነው የሚያዩት። አባዬም በየአራት ዓመቱ ይሄ ዘመን ሲመጣ ብሩሾቹን አጥቦ ደርድሮ "የኛ ዓመት ገባ" ይል ነበር። አሁን እሱ የለም፣ ዓመቱ ግን ገብቷል፣ እና የዘንድሮን መልእክቴን ስለሱ ሥራ ላደርገው ፈለግሁ፣ ምክንያቱም ከናንተ የምፈልገው ነገር አለ።

አባዬን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በሱቅ ታፔላ ነው። ግን ሥዕል የጀመረው ልጅ ሆኖ ሐይቅ አካባቢ በእንቁጣጣሽ ወረቀት ነው። ጳጉሜን ሙሉ ደብተር እየቀደዱ አደይ፣ መልአክ፣ ፀሐይ ምናምን ስለው መስከረም 1 ጠዋት በየቤቱ እየዞሩ "እንኳን አደረሳችሁ" ብለው የሚሰጡትን ወረቀት ታውቁታላችሁ፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ ሥዕል ያድላሉ። ቀለም የሚገዛበት ስላልነበረው ቢጫውን ከእርድ፣ ጥቁሩን ከጥላሸት፣ አረንጓዴውን ቅጠል ጨምቆ ነበር የሚሠራው፣ የሚያገኘውም ወይ ሳንቲም ነው ወይ ድፎ ዳቦ። እስኪሞት ድረስ ከሁሉም የሚያወራው ስለዚያ ነበር። ሥዕል ማለት ለሱ ሠርተህ ሰው በር ድረስ ይዘኸው የምትሄደው ነገር ነው፣ ቤት ማስቀመጥ አያውቅበትም፣ ለዚህ ነው ዛሬ እኛ ቤት ከሥራው የቀረው ትንሽ የሆነው።

ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ከሚስሉ አባቶች ሥር ገባ። እዛ የተማረው ነገር ዕድሜውን ሙሉ እጁ ላይ ቀረ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንደምታውቁት ጻድቃንን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ፊት ለፊት ነው የሚያወጣቸው፣ ክፉውን ግን በጎን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ታይቶ። አባዬ ደሴ ገብቶ ከፎቶ ላይ የሰው መልክ መሳል ሲጀምር ይሄን አልተወም። ያኔ ፎቶ ቤት በጎን ዞሮ ሩቅ እያዩ መነሳት ፋሽን ነበረ፣ ሰው ያንን ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ግን "ምን በደልከኝና በጎን እስልሃለሁ" ብሎ ደንበኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊት አይቶት ነው የሚስለው። ሥራ አጥቶም ቢሆን አይደራደርም። በደርግ ጊዜ ለአብዮት በዓል ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒንን በትልልቅ ሸራ እንዲስል ሲታዘዝ የሚሰጡት ሞዴል በጎን የተደረደሩትን ነበረ፣ እነሱን እንደታዘዘው ሠራ፣ ለጎረቤት ግን በጎን ሠርቶ አያውቅም። ስለዚህ ስሙ ያልተጻፈበት ሥዕል ብታገኙ፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ካያችሁ፣ ዓይኑና ከንፈሩ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ፣ የሱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አንድ ሥዕል ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ አንዲት እናት ጋ ነው ያለው፣ የሟች እናታቸው መልክ ነው፣ ሟቿ በሕይወት እያሉ ፎቶ ተነስተው አያውቁም ነበር። አባዬ የሟቿን እህት አስቀምጦ፣ የሟቿን ልጅ አስቀምጦ፣ ጎረቤት እየጠየቀ የሳላቸው ናቸው። ባለፈው ሄጄ ከግድግዳ አውርደን ጀርባውን ስናየው በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ "አፍንጫ እንደ እህቷ፣ ዓይን እንደ ልጇ፣ ሻሽ ነጭ፣ ቀሪ 10 ብር።" ሴትየዋ ሥዕሉን በየቀኑ ሲያዩት ኖረው ጀርባውን አይተውት አያውቁም፣ ሳነብላቸው እየሳቁ ያለቅሳሉ፣ እኔም እንደዛው። ያቺ በእርሳስ የተጻፈች ነገር ለኔ ከፊቱ ሥዕል እኩል ናት፣ ምክንያቱም እሱ እንዴት እንደሚያስብ ያሳየችኝ እሷ ናት።

ብዙ ነገር ጠፍቷል፣ መቼም አልደብቅም። ታፔላው በባነር ፕሪንት ተተካና አብዛኛው ቆርቆሮ ተነቅሎ የአጥር ክዳን ሆነ። ያም ሆኖ አንድ ነጋዴ ሐጂ የአባዬን ታፔላ ከውጭ ሲያወርዱት አልጣሉትም፣ ሱቁ ውስጥ ከመደርደሪያው በላይ ሰቅለውታል፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። አንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሸራ ሠርቶ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ሥዕል እድሳት ሲደረግ በአዲስ ተሸፈነ፣ ለበጎ አስበው ነው፣ ግን ፎቶ እንኳን ያነሳው የለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ የስንቱ ቤት ተዘረፈ፣ የደሴ ሙዚየምም ሳይቀር። የሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራዎች እሱ በስደት ካለፈ በኋላ ከጀርመን ተመልሰው አዲስ አበባ በስሙ ሙዚየም ሲከፈትላቸው ደስ ብሎኛል፣ ይገባዋልም፣ የክፍለ ሀገር ሰዓሊ ግን ሙዚየሙ የደንበኞቹ ሳሎን ነው፣ ሌላ የለውም።

እማዬ አባዬ ካረፈ በኋላ የቀሩትን ሥዕሎች በነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነበር ያስቀመጠቻቸው፣ በፍቅር። ስናወጣቸው የጦሳ ተራራ ላይ ያለው ሰማይ ቢጫ ሆኗል፣ የአደዩ ሜዳም ደብዝዟል። አርት ስኩል የተማረ ወዳጄ መጥቶ አይቶ አስረዳኝ፣ የዘይት ቀለም የሚያዘው በተልባ ዘይት ነው፣ የተልባ ዘይት ደግሞ ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል፣ ብርሃን ሲያገኝ ቀስ እያለ ይመለሳል። እውነትም ሳሎን ሰቅለናቸው ከከረሙ በኋላ የጦሳ ሰማይ ሰማያዊነቱ እየተመለሰ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ግን አይሆንም፣ እሱ ደግሞ ቀለሙን ይበላዋል፣ ከመስኮቱ ትይዩ ካልሆነ ግድግዳ ላይ ነው የሰቀልናቸው። እማዬ አሁን ቡና የምታፈላው እዛው ሥር ነው።

እና የምለምናችሁ ይሄ ነው። የአባዬ ሥራ ቤታችሁ ካለ፣ የሠርግ ስጦታም ይሁን የአያታችሁ መልክ፣ ፎቶ አንሱልኝና በኢንቦክስ ላኩልኝ። ውጭ ጥላ ውስጥ አውጡት ወይም ደመና ያለበት ቀን ይሁን፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ስልኩን ከሥዕሉ ጋር ትይዩ አርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ አንሱት፣ መስታወት ካለውና ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ አትላቅቁት፣ እንዳለ ይነሳ። ጀርባውን አደራ፣ ጀርባውን እንዳትረሱ! አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጠረግ ማድረግ ይበቃል፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ድንች ምናምን የሚሏችሁን አትስሙ፣ ላሚኔትም አታስደርጉት። ከፍሬሙ ወጥቶ መጠቅለል ካለበት ወፍራም ቱቦ ላይ ቀለም ያለበትን ፊት ወደ ውጭ አርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ እየተጨማደደ ይሰነጠቃል። ቤተ ክርስቲያን ያለውን ደግሞ አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ ብቻ ነው፣ ያለፈቃድ ማንም እንዳያነሳ።

ከፎቶው ጋር ታሪኩንም ጻፉልኝ፣ ማን አሠራው፣ ለምን፣ መቼ አካባቢ፣ አባዬ እየሳለ ምን አለ። መጻፍ የማይመቻችሁ በድምፅ ላኩት። ሥዕሉን አምጡ አልልም፣ የናንተ ነው፣ እናንተ ጋ ይኑር። የማባዛቱ መብት ግን በአዋጅ 410/1996 መሠረት ሰዓሊው ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው፣ ሥዕሉን የገዛ ሰው እሱን አብሮ አልገዛም፣ እኛ እህትማማቾች ተነጋግረን የወሰንነው ደግሞ ስሙን እስከጻፋችሁ ድረስ በነፃ ሼር አድርጉት፣ ለልጆቻችሁ አሳዩት፣ ተማሪ ቤትም ይሰቀል የሚል ነው። ቲሸርትና ካሌንደር ላይ አትሞ መሸጥ ብቻ በፈቃድ ይሁን።

የሰበሰብነውን ስካን እያደረግን ነው፣ አንድ ኮፒ እኛ ጋ፣ አንድ ኮፒ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ፣ አንዱ ኦንላይን፣ እንደ 2014ቱ ያለ ነገር ቢመጣ ሁሉም አንዴ እንዳይጠፋ ብለን። የተገኘውን ከመስከረም ጀምሮ አንድ በአንድ ከነጀርባው እዚሁ ፖስት አደርጋለሁ፣ የምታውቁት ፊት ካያችሁ ስሙን ንገሩን፣ ማን እንደሆኑ ያላወቅናቸው ሰዎች አሉ፣ አንዷ በተለይ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ልጅ እግር ሴት ናት፣ ጀርባው ላይ "ከባቲ፣ ሰኞ ትመጣለች" ከሚል በቀር ምንም የለም። ባቲዎች፣ እስቲ ቤተሰቦቿን አፈላልጉልኝ።

መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የምትወጡ ደግሞ በደሴ ስታልፉ ደውሉልኝ፣ ሳሎኑ ክፍት ነው፣ ቡናም አለ፣ ሥዕል ያላችሁ ይዛችሁት ኑና ፎቶውን እኔ ራሴ አነሳላችኋለሁ። መልካም አዲስ ዓመት!