ከፋንተም ወደ ታካሚ፦ የክሊኒክ ትምህርቴ እስካሁን

የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ከፋንተም (ከመለማመጃው የፕላስቲክ ጭንቅላት) ወጥተን ታካሚ ማየት ከጀመርን ሰንበት ብለናል። ጅማና ጎንደር የምትማሩም፣ ከኋላችን የምትመጡም ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ እስካሁን የያዝኩትን ልጻፍ። ከሁሉም በፊት የማነሳው ማደንዘዣን ነው። በደንብ ማደንዘዝ ለቻለ ተማሪ ሌላው ሥራ ይቀለዋል። ሕመም የማይሰማው ታካሚ አፉን ይከፍታል፣ ራሱን አያወዛውዝም፣ የእኛም እጅ አይጣደፍም።

ይሄን ፋንተም ላይ መማር አይቻልም። የፕላስቲክ ጭንቅላት ምራቅ የለውም፣ አይፈራም። ፋንተም የሚያስተምረው የመስታወት ሥራን ነው። የላይኛውን ጥርስ በመስታወት እያያችሁ ስትሠሩ እጃችሁ ወደፊት ሲሄድ መስታወቱ ውስጥ ወደኋላ ይመጣል። እስኪለመድ ያናድዳል። ጎንበስ ብሎ በቀጥታ ማየት ያምራችኋል፤ እንዳትሞክሩት። አንገትና ወገብ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ወደ ማደንዘዣው ልመለስ። የላይኛው መንጋጭላ አጥንት ሳሳ ያለ ስለሆነ ማደንዘዣውን መድኃኒት ሊዶኬይንን ጥርሱ ሥር አጠገብ ብትወጉት ሰርጎ ይገባል። የታችኛው ግን መንጋጋ ጥርሶቹ አካባቢ ወፍራም ነው። ስለዚህ ነርቩን አጥንቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከመንጋጭላው የውስጥ ጎን መያዝ ያስፈልጋል። ብሎክ የምንለው ይሄንን ነው።

ታካሚው አፉን በሰፊው ይከፍታል። አውራ ጣቴን ጉንጩ ውስጥ አስገብቼ ወደ ላይ የሚወጣውን አጥንት የፊት ጠርዝ እዳስሳለሁ። በጣም የሰረጎደበት ቦታ ላይ ጣቴ ያርፋል። ከሱ ወደ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ የሥጋ እጥፋት ይታያል። መርፌው የሚገባው በጣቴና በእጥፋቱ መሀል ነው። ሲሪንጁ የሚመጣው ከተቃራኒው ወገን፣ ከፕሪሞላሮቹ (በክራንቻና በመንጋጋ መሀል ካሉት ጥርሶች) በላይ ነው። ረጅሙ መርፌ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ገብቶ አጥንት ይነካል። አጥንት ካልነካ መድኃኒት አይሰጥም። ከነካ በኋላ መርፌውን ትንሽ መለስ አድርጎ የሲሪንጁን ዘንግ ወደኋላ መሳብ ነው። ካርፑሉ (መድኃኒቱን የያዘችው ትንሽ ብልቃጥ) ውስጥ ደም ከታየ ቦታ ይቀየራል። ደም ከሌለ ቀስ ብሎ መስጠት። 1.8 ሚሊ ሊትሯ ካርፑል ቢያንስ 1 ደቂቃ ትፈልጋለች። ብዙ ሰው መርፌው አመመኝ የሚለው መድኃኒቱ በችኮላ ሲገፋ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። የከንፈር ግማሽ ይደነዝዛል። ከንፈር ደነዘዘ ማለት ግን ጥርሱ ደነዘዘ ማለት አይደለም፤ ሳይፈትሹ መጀመር የለም። መንጋጋ ልትነቅሉ ከሆነ ደግሞ በጉንጭ በኩል ያለው ድድ የራሱ ነርቭ አለው፣ ለብቻው ይወጋል። መግል የያዘ ጥርስ አስቸጋሪ ነው። የተቆጣ ሥጋ አሲድነቱ ስለሚጨምር ማደንዘዣው እንደልብ አይሠራም።

አንዲት እናት መጡ። ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ በደንብ ሳይደነዝዝ ነቅለዋቸው ነበር። ነጠላቸውን ጨብጠው፣ መርፌውን ገና ሳያዩ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «እማማ፣ ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱልኝ፣ ወዲያው አቆማለሁ» አልኳቸው። «እሺ የኔ ልጅ» አሉ። ብሎኩ እስኪይዝ ድረስ ስለ ልጆቻቸው አወራን። ድዱን በኤክስፕሎረር (ጫፉ ሹል በሆነው መመርመሪያ) ስፈትሽ ምንም አላሉም። ሥራው ሳይጀመር ነጠላውን ለቀቁት። ለእኔ የዚያን ቀን ትልቁ ሥራ ያ ነበር፤ መንቀሉ ብዙም አልፈጀም።

አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ዛሬ ምን በልተዋል?» ደም ግፊትና ስኳር ሁላችንም እንጠይቃለን። በጾም ወቅት ግን ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይመጣል። ፍርሃትና ባዶ ሆድ ሲገናኙ ራስን መሳት ቅርብ ነው።

የክራንቻን ነገርም ትሰማላችሁ። የላይኛው ክራንቻ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል የሚል ፍርሃት አሁንም አለ። ታካሚውን መናቅ አያስፈልግም። የጥርሱ ሥር ረጅም ቢሆንም ለዓይን ከሚያገለግለው ነርቭ ጋር እንደማይገናኝ ኤክስሬዩ ላይ እያሳየሁ አስረዳለሁ። ብዙዎቹ ያምኑኛል።

ከስምጥ ሸለቆ የሚመጡት ታካሚዎች ከሁሉም በላይ ያሳስቡኛል። ከዝዋይ፣ ከመቂ፣ ከወንጂ አካባቢ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። እዚያ ከዚህ ብዙ እጥፍ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ጥርሱ የሚጎዳው በልጅነት፣ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። ስለዚህ ቡናማው ቀለም በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። አንዲት ወጣት ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። ጥርስሽን አትፋቂም እየተባለች ነው ያደገችው። የፊት ጥርሶቿን በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ) ሸፈንን። ሥራው ላይ ልብ በሉ፦ ኮምፖዚቱ እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባው ፎስፎሪክ አሲድ ታጥቦ ሲደርቅ ጤነኛ ኢናሜል (የጥርስ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) እንደ ጠመኔ ይነጣል። ፍሎራይድ የበዛበት ኢናሜል ግን አሲድ ስለሚቋቋም በተለመደው ጊዜ አይነጣም፣ ረዘም ማድረግ ያስፈልጋል። ያለበለዚያ ኮምፖዚቱ አይያዝም።

ቀጥሎ የምገባው የሕፃናት ጥርስ ክፍል ነው። የመጀመሪያዋ ቋሚ መንጋጋ 6 ዓመት ገደማ ላይ ትወጣለች። ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ስለምትበቅልና ለእሷ ብሎ የሚነቀል ጥርስ ስለሌለ ወላጅ የወተት ጥርስ ትመስለዋለች። «ትተካለች» ብሎ ይተዋታል። ተበልታ ነው የምናገኛት። ይህን ክፍል የጨረሳችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ፦ ልጁ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ሲል እናቱን አብራው ታስገባላችሁ ወይስ ውጭ ትጠብቅ ትላላችሁ?