ውሸት የሚያስፈልገው ድራይቨር

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። "አጎቴ፣ ማይንክራፍት እምቢ አለኝ።"

ላፕቶፑ ድሮ የኔ ነበር። ኮር አይ 5፣ ሰከንድ ጀነሬሽን፣ የ2011 ዕቃ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ቻርጀሩ ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። ባለፈው ክረምት ኤስኤስዲ ገዛሁለት፣ ዊንዶውስ 7ን አጥፍቼ 10 ጫንኩበትና ለልጁ ሰጠሁት።

ጌሙ ሲከፈት ትንሽ ያስብና ይዘጋል። የሚጽፈው "ፒክስል ፎርማት ኖት አክሰለሬትድ" ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ሥራውን አልያዘም እንደማለት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ከፈትኩ። ድራይቨር ባይኖር "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" ይል ነበር። አላለም። "ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 3000" ብሎ ቁጭ ብሏል፤ ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ አምጥቶ ጭኖታል፣ ቁጥሩም 9.17.10.4459። ቪዲዮ ይከፍታል፣ የድሮ ጌሞች ይሠራሉ። ታዲያ ምን ሆነ? ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ፦ አጠፋሁት፣ መልሼ ጫንኩት፣ ሪስታርት። መሃል ላይ መብራት ሄደ። (ባትሪ የለም ብያለሁ።) አንድ ጠጋኝ ጋ ብደውል "እሱን ሽጥና ሌላ ግዛ" አለኝ። በጣም አመሰግናለሁ።

ነገሩ የገባኝ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ይሄ ድራይቨር የተጻፈው ለዊንዶውስ 7 እና 8 ነው። ጌሙ ኦፕንጂኤል (ጌሞች ካርዱን የሚያዙበት መንገድ) ክፈትልኝ ሲለው፣ መጀመሪያ "ያለሁበት ዊንዶውስ ስንተኛው ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የማያውቀው ቁጥር ከተነገረው እጁን ይሰበስባል። ሥራው ለዊንዶውስ ለራሱ ኦፕንጂኤል 1.1 ይቀራል፤ ያ ደግሞ ካርዱን ጭራሽ አይነካውም።

ደስ ያለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ዊንዶውስ ይዋሻል! ከ8.1 ጀምሮ፣ አንድ ፕሮግራም "ዊንዶውስ 10ን አውቀዋለሁ" የሚል ማኒፌስት (አጭር መግለጫ) በውስጡ ካልያዘ፣ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ "8 ነኝ" ወይም "8.1 ነኝ" የሚል ነው። አሮጌ ፕሮግራሞች እንዳይደነግጡ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ድራይቨሩ ደግሞ የሚጠይቀው በጠራው ፕሮግራም ጉያ ውስጥ ሆኖ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ የሚሰማውን እሱም ይሰማል። አሮጌው ፕሮግራም አሮጌ ቁጥር ይነገረዋል፣ ይሠራል። አዲሱ እውነቱን ይነገረዋል፣ ይወድቃል። እዚያው ላፕቶፕ ላይ፣ በዚያው ካርድ።

ልጁ የሚጫወተው ማይንክራፍት የሚነሳው በጃቫ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችን በሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። ጃቫ 8 አፕዴት 51 የወጣው በጁላይ 2015፣ ዊንዶውስ 10 ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ስለ 10 የሚል ነገር የለውም። በኦገስት የመጣው አፕዴት 60 ግን አለው። እንግዲህ ጌሙ አብሮት የሚያመጣው ጃቫ ስንተኛው ይሆን ብዬ የላውንቸሩን (ጌሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ፎልደር በረበርኩ። ረንታይም፣ ከዚያ ጄአርኢ ሌጋሲ... 51።

መድኃኒቱ እዚያው ተኝቷል። ታዲያ ማን ቀየረው? እኔው ነኛ! ዊንዶውስ 10 የጫንኩ ቀን "አዲስ ይሻለዋል" ብዬ አዲስ ጃቫ 8 አውርጄ፣ በላውንቸሩ ሴቲንግ ውስጥ የጃቫውን መንገድ ወደሱ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

መንገዱን አጥፍቼ ወደ ነበረበት መለስኩት፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። እንዲህ ያረጀ ጃቫ ለጌሙ ብቻ ይሁን እንጂ ለኮምፒውተሩ ሁሉ አትጫኑት፤ የደህንነት ቀዳዳው ብዙ ነው። ጌሙ ተከፈተ። ኤፍ 3 ስጫን በቀኝ በኩል የካርዱ ስም፣ ከሥሩ የኦፕንጂኤሉ ቁጥር 3.1.0 እና ያ የድራይቨር ቁጥር መጣ። የእይታ ርቀቱን ወደ 6 ቻንክ (የጌሙ ዓለም ቁራጭ) አወረድኩለት፤ በሰከንድ 30 ፍሬም አካባቢ ይሄዳል። ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ልጁ ግን ግድ የለውም።

ሁለት ቀን አልቆየም፣ ተመለሰ። እሱ የሚጫወተው የጌሙን ቨርዥን 1.16.5 ነው፤ ጓደኛው ጋ ያለው ግን አዲሱ። ከ1.17 ጀምሮ ኦፕንጂኤል 3.2 ይፈልጋል፤ የኛ ካርድ 3.1 ላይ ያበቃል። እዚህ ላይ ምንም ውሸት አይረዳም። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። ትክ ብሎ አያቸው።

"ነጥብ አንድ ብቻ ነው እንዴ የጎደለው? ጨምርላታ!"