ሮዳጅ ላይ ነው

ስኖ ብሎወር፣ ያ በረዶ መጥረጊያ ማሽን፣ የሚገዛው በመስከረም ነው። መደብሩ ሙሉ ነው፣ ዋጋው ይሻላል፣ ሻጩም ይለማመጥሃል። ሚኒሶታ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ግን በመስከረም ማን ስለ በረዶ ያስባል? በመስከረም እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ አገር ቤት የልጆች ዩኒፎርምና ደብተር አለ። ገንዘቡ በዚያ በኩል ይሄዳል። በረዶው ሲመጣ አካፋ አለ እንላለን። አካፋውስ አለ፤ የሚጠፋው ወገብ ነው።

የ2022 ዲሴምበር ወገብ አልማረም። በወሩ አጋማሽ ውሃ የጠጣ ከባድ በረዶ ወረደ። ትከሻዬ ሳያገግም፣ የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ሌላ ተደገመ። ያ ዊንተር ሲያልቅ በሚኒያፖሊስ ሴንት ፖል አውሮፕላን ማረፊያ የተመዘገበው በረዶ 90.3 ኢንች ሆነ፤ ወደ 2.3 ሜትር ማለት ነው። እኔን ከነኮፍያዬ ይቀብራል።

የምኖረው ሴንት ፖል ነው። ከተማው በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤትህ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ ጥረግ ይላል። እምቢ ካልክ ራሱ አስጠርጎ ሂሳቡን ይልክልሃል። ይሄስ ይሁን። የሚያናድደው ፕላው ነው፤ የመንገዱን በረዶ እየገፋ የሚጠርገው መኪና። አንተ ላብህን ጠብ አድርገህ የመኪና መግቢያህን ጠርገህ፣ አካፋህን ግድግዳ ላይ አስደግፈህ፣ አሁን ሻይ ልጠጣ ስትል ያ ትልቅ መኪና እየተንጎማለለ ይመጣል። የመንገዱን በረዶ ሁሉ መግቢያህ አፍ ላይ ከምሮልህ ያልፋል። ጨውና ጭቃ የተቀላቀለበት፣ ቋጥኝ ያለበት ግድብ ነው። ሾፌሩ ደግሞ ጨዋ ከሆነ እጁን ያውለበልብልሃል።

ይህን ሁሉ እማማ በመስኮት ያያሉ። እማማ አማቴ ናቸው። ጥቅምት ላይ ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። የብርድ አገር ሰው ስለሆኑ ቅዝቃዜው ብዙም አልደነቃቸውም። የደነቃቸው የእኔ ብቻዬን መልፋት ነው። አንድ ቀን ወገቤን ይዤ ስገባ አዩኝና፣

«አንተ ልጅ፣ ሰው የለህም እንዴ?» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ማሽን ፍለጋ ወጣሁ።

በዲሴምበር መጨረሻ ስኖ ብሎወር አለ ወይ ብለህ ስትጠይቅ ሻጮች በአዘኔታ ያዩሃል። አንዱ ሳቀብኝ። ሌላው የሣር ማጨጃ በቅናሽ ሊሸጥልኝ ሞከረ። በመጨረሻ ትራክ የሚነዳ ጓደኛዬ ወሬ ይዞ መጣ። የሴንት ክሮይ ወንዝን ተሻግሮ፣ ዊስኮንሰን ውስጥ ሀድሰን የምትባል ከተማ፣ ለማሳያ የቆመ አንድ ቀርቷል። በፒክአፑ ሄደን አመጣነው። ስፋቱ 24 ኢንች ነው። ከፊት በረዶውን የሚጎትት ጠመዝማዛ ስለት አለው፤ ከኋላው ደግሞ ተቀብሎ በአንገቱ በኩል የሚያስወነጭፍ ፋን። ዋጋው 1,200 ዶላር።

እማማ ዋጋውን ከልጃቸው ሰሙ። በብር አሰቡት። ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ይሄ እኮ የበሬ ዋጋ ነው። በሬ ደግሞ ቤንዚን አይጠጣም» አሉ።

ማን እንዲህ ዓይነት ነገር አሰበ ብለው ሲጠይቁኝ የማውቀውን ነገርኳቸው። አርተር ሲካርድ የሚባል የኩቤክ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ሠራው፤ ሐሳቡም የመጣለት የእህል መውቂያ ማሽን አይቶ ነው ይባላል።

«እህል መውቂያውን ወስዶ ውሃ መውቂያ አደረገው?»

መልስ አልነበረኝም።

ማሽኑ በገባ በሰዓቱ የባለቤቴ አጎት ደረሱ። ጋሼ አዲስ አበባ፣ ቄራ አካባቢ፣ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ የሚፈታ ሞተር አጥተው ሲቆዝሙ ነበር። ገና ከበሩ ሳይገቡ፣ «ማንም እንዳይነካው!» አሉ። ካፖርታቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን አደረጉ። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ አውጥተው በሶፍት ጠረጉ፣ አሸተቱ፣ ወደ መብራት አዞሩ። ደረቅ ናት። እጀታው ላይ የተንጠለጠለችው ቀይ ካርድ ያንኑ ትላለች፤ ሞተሩ ያለ ዘይት ነው የተላከው። ጋሼ ግን ካርድ አላነበቡም። ሞተሩ ራሱ ነገራቸው።

ዘይቱ 5ደብልዩ-30 ገባ። መመሪያውን እኔ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት ሥራ በኋላ ዘይቱ ይቀየር ይላል።

«አላልኩም? ሮዳጅ!»

እኔም ባለቤቴም ትምህርት ተሰጠን። የአዲስ ሞተር ፋሻ፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ እና ሲሊንደሩ ገና አልተላመዱም። ሲፋተጉ ደቃቅ ብረት ይረግፋል። ያ ብረት ዘይቱ ውስጥ ይዋኛል። ቶሎ ካልተቀየረ ሞተሩን ይበላዋል። ስለዚህ ማሽኑ ሮዳጅ ላይ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ አይጣደፍም፣ አይጫንም። ጋሼ ከልጄ ደብተር ቀዱና ሰዓት መመዝገቢያ ከፈቱ። እኔ ከፍዬ የገዛሁትን ማሽን ለማስነሳት ፈቃድ የምጠይቅ ሰው ሆንኩ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 3፣ ሰማዩ ተከፈተ።

ገና ሊገባ ነው። ታኅሣሥ 29 ቅዳሜ ላይ ይውላል። ቤቱ በሽንኩርት ታጥኗል። የዶሮውን ቁሌት ባለቤቴና እማማ የሚሠሩት የቤታችን መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ከተሠራ የጭስ አላርሙ ይጮኻል፣ ካፖርቶቹም እስከ ፋሲካ ይሸታሉ። ቡታ ጋዙ ሲለኮስ ጋሼ በስልክ አዘዙ፦ ቤንዚን ያለበት ነገር ሁሉ ከዚያ ይውጣ። ማሽኑ ሸራ ለብሶ ደጅ አደረ። ገና አንድ ስንዝር በረዶ ሳይጠርግ ከጋራዥ ተባረረ።

ረቡዕ ማታ ቁሌቱ ደረሰ። ለሰዓታት የተቁላላ፣ ዘይቱ ከላይ የተንሳፈፈ፣ ጥቁር ቀይ ቁሌት። ፍሪጁ ግን ዶሮው፣ አይቡ፣ እንቁላሉ ሞልቶታል። እማማ ፍሪጁን አዩት። ከዚያ ደጁን አዩት።

«ይሄ ሁሉ ፍሪጅ እያለ?»

ቁሌቱን ነጭ የአይስክሬም ባልዲ ውስጥ ገለበጡት። ባልዲው ነጭ፣ ክዳኑም ነጭ። ከጋራዡ በር ጥግ በረዶውን ቆፍረው አስቀመጡት። ለማንም አልተናገሩም። ለምን ይናገራሉ? ሰው ጓዳው ውስጥ ላስቀመጠው ነገር ማስታወቂያ አያወጣም። ሌሊቱን በረዶው ሲወርድ አደረ።

ሐሙስ ጠዋት ደጁ ላይ ከአንድ ጫማ በላይ ተቆልሏል። ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው ደረሱ። ማዶ ያለው ጎረቤቴም የራሱን አሮጌ ማሽን አቁሞ ሊያይ መጣ። ፈረንጅ ነው፤ ዕድሜው ከሰባ ያልፋል። የ1991ዱን የሃሎዊን በረዶ፣ ያንን 28.4 ኢንች፣ ትናንት እንደወረደ አድርጎ ነው የሚያወራው። ስኖ ብሎወር መግዛቴን ከሰማ ጀምሮ ባየኝ ቁጥር አንድ ነገር ይደግምልኛል፦ እጅህን እዚያ ውስጥ እንዳትከት። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን፣ በረዶው የያዘው ስለት ሲለቀቅ ሊዞር ይችላል። ጣት የቆረጣቸውን የሚያውቃቸውን ሰዎች በስም ይጠራል።

ቁልፉ ገባ። ቾኩ ተሳበ። ቤንዚን የምትገፋውን ላስቲክ ጨመቅኩ። ገመዱን ሳብኩ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለውና ተነሳ። እማማ ከመስኮት ውስጥ እልል አሉ።

የፍጥነት መቆጣጠሪያው ላይ ሁለት ሥዕል አለ። ላይ ጥንቸል፣ ታች ኤሊ። ጋሼ ኤሊው ላይ አደረጉት። ጎረቤቴ ራሱን ነቀነቀና፣ «ጥንቸል! ሁልጊዜ ጥንቸል!» አለ።

«ምን ይላል?»

«ፍጥነቱን ጨምር ነው የሚለው።»

«ሮዳጅ ላይ ነው በለው።»

ሮዳጅን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። ጎረቤቴ ሰማኝና፣ እርጥብ በረዶ በኤሊ አይተፋም፣ አንገቱ ላይ ይደፍናል አለ። ተረጎምኩ። ጋሼ፣ «ስንት ሞተር ፈቷል እሱ?» አሉ። ይህን አልተረጎምኩም።

በኤሊ ጀመርን። ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ደፈነ። አጠፋሁ፣ በፕላስቲክ ዱላው ቆፍሬ አወጣሁ፣ እንደገና አስነሳሁ። ደፈነ። በአካፋ ቢሆን እስካሁን እጨርስ ነበር። ጎረቤቴ ዝም ብሎ ቆሟል። ትክክል የሆነ ሰው ዝምታ ብርዱን ያብሰዋል።

ጋሼ ለቡና ሲገቡ ጥንቸሉ ላይ አደረግኩት።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ማሽኑ አገሳ። በረዶው ከአንገቱ ወጥቶ ቀስት ሠርቶ አጥሩን ዘሎ አረፈ። የፕላው ግድብ፣ ያ ጨውና ቋጥኝ፣ ተፈጭቶ ሄደ። እየሳቅኩ ነበር። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ወደ ጋራዡ ዞርኩ። እማማ መስኮቱን በሁለት እጃቸው እየደበደቡ ነው። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸው። የበለጠ ደበደቡ። እኔም የበለጠ አውለበለብኩ።

ከዚያ ጓ! አለ።

የወጣው ቀይ ነው። መጀመሪያ ትልልቅ ቀይ ቁራጭ፣ ቀጥሎ ቀይ ዱቄት፣ ከመሃሉ የነጭ ፕላስቲክ ስብርባሪ። ክምሩ ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ የጎረቤቴ ነጭ ጋራዥ በር ላይ። ንጹሕ በረዶ ላይ በግ የታረደ ይመስላል። እጀታውን ለቀቅኩ፤ ስለቱ ቆመ።

ጎረቤቴ በዚያ ዕድሜው በዚያ በረዶ ላይ ሲሮጥ አየሁት። ቀበቶውን እየፈታ ነው። «እጅህን አሳየኝ! እጅህን አሳየኝ!» እያለ ይጮኻል።

በዚህ አገር ሰው እንዲህ ብሎ ሲጮህብህ አታስብም። ሁለቱንም ወደ ላይ አነሳሁ። እንደዚያው ቆምኩ።

ደረሰብኝ። ጓንቴን ነጠቀኝ። አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አሥር። እንደገና ቆጠረ። እጄን ይዞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ያን ጊዜ ሽታው ደረሰው መሰለኝ አፍንጫውን አነሳና ቀዩን በረዶ አየ።

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«የቅዳሜ ምሳ ነው» አልኩት።

እማማ ጋቢያቸውን ለብሰው የእኔን ቦት ጫማ ተጫምተው ወጡ። ጭልፋ ይዘዋል። ለምን እንደያዙት እስካሁን አልገባኝም፤ ተስፋ አልቆረጡም ነበር መሰለኝ። ክምሩን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሽንኩርቱስ ይሁን፤ በርበሬው ከቤቴ የመጣ ነው» አሉ። እኔ ላይ ግን አልፈረዱም። ማሽኑን ነው የገላመጡት።

ጋሼ ስለ ቁሌት አልጠየቁም። በቀጥታ በረዶው ላይ ተንበረከኩ። ሞተሩ ይሠራል፣ ከፊት ያለው ስለት ግን በአንድ በኩል አይዞርም። ጣታቸውን ወደ ዘንጉ ሊያስጠጉ ሲሉ ጎረቤቴ ጮኸ። ቁልፉን ነቀሉ፣ ካንዴላውን ነቀሉ፣ ከዚያ በኋላ ፈቀደላቸው። ሺር ፒኑ ተሰብሯል። ስለቱን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ቀጭን ቡሎን ነው፤ ድንጋይ ወይም የቀዘቀዘ ቁሌት ሲገጥመው ማርሹ እንዳይሰበር ቀድሞ እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራ። ጋሼ ስባሪውን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ።

«ለማርሹ ሲል ሞተ» አሉ። «እንዲህ ያለ ቡሎን ነው የሚያስፈልገን።»

ትርፍ ፒኖች ከማሽኑ ጋር በላስቲክ ታስረው መጥተው ነበር። ጋሼ በፒንሳ፣ ጎረቤቴ በመዶሻ፣ ቋንቋ ሳይግባቡ ተጋግዘው ገጠሙት። ደብተሩ ላይ፣ የመጀመሪያው ቀን መስመር ላይ፣ «ቁሌት» የሚል ተጻፈ። ማሽኑ ሲነሳ ጋሼ ራሳቸው ጥንቸሉ ላይ አደረጉት። ማንም ምንም አላለም።

ቁሌቱ ሐሙስ ማታ እንደገና ተቁላላ። ባለቤቴ ስታለቅስ አመሸች፤ በሽንኩርቱ ነው ትላለች። ቅዳሜ ጎረቤቴ ተጠርቶ መጣ። ዶሮውን ቀምሶ፣ «ይሄ ነው የጋራዤ በር ላይ ያለው?» ብሎ ጠየቀ። ነው አልነው። ደገመ። ቀዩን በረዶ ሊቀምስ የመጣ ሽኮኮ ግን ዛፍ ላይ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ አልወረደም።

5 ሰዓቱ ሲሞላ ጋሼ ዘይቱን ቀየሩ። ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ የብረት ብናኙ በመብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። በርበሬ በርበሬ ይሸታል ብለው ማሉ። እኔ አልሸተተኝም።

እማማ ደብረ ብርሃን ላለው ልጃቸው በቪዲዮ ደውለው ሁሉንም አወሩለት። ማሽኑን በስልኩ አሳዩት፣ ስለቱን፣ ፋኑን፣ አንገቱን። ገበሬ ነው። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በጥሞና ሲያይ ቆየ።

«እማዬ፣ ይሄ ስንዴ ይወቃል?»

«ይወቃል መሰለኝ» አሉ እማማ። «ጨጓራው ግን በርበሬ አይችልም።»