«ሞተሩ ጥሩ ነው» ብዬ የመለስኩላቸው ሰው

ይሄ ነገር ካለፈ ቆይቷል ግን ንፋስ በተነሳ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ባለ ናፍጣ ጀልባ ሊገዙ ነው፣ ደላላው ወደኛ ጋራዥ ላካቸው፣ አለቃዬ ደግሞ «ሂድና ሞተሩን አይተህ ና» አለኝ። ሄድኩ፣ ዘይቱን አየሁ፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ግፊት) ለካሁ፣ የማቀዝቀዣውን ፖምፓ ፈትቼ ውስጡን አየሁ፣ አራቱም ሲሊንደር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ጠዋት ነበር፣ ውሃው መስታወት ነው፣ እዛው ወደቡ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ነዳናት፣ ሙሉ ጋዝ ሰጠናት፣ አልሞቀችም አላጨሰችም።

ስንመለስ የናፍጣውን ፊልትሮ አየሁት። ከስሩ ብርጭቆ ያለው ዓይነት ነው፣ ብርጭቆው ውስጥ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ተቀምጧል፣ ብዙ አይደለም፣ የትንሽ ጣት ጥፍር ቢሸፍን ነው። በጣቴ ሳሸው ያሟልጫል። ደላላው ከኋላዬ ሆኖ «ቆማ ስለከረመች ነው፣ ስትነዳ ይጠራል» አለ። እኔም ደፋሁት፣ በጨርቅ ጠረግኩት፣ መልሼ አሰርኩት።

ያኔ ነው ጋሼ የጠየቁኝ። «ልጄ፣ እኔ የማጠምደው ከወደቡ ውጭ ነው፣ ከሰዓት ሁሌ ንፋስ አለ፣ ለዛ ባህር ትሆነኛለች?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ጥሩ ነው» አልኳቸው።

የጠየቁኝ ስለ ባህር፣ የመለስኩላቸው ስለ ሞተር። አልዋሸሁም፣ ግን እሳቸው የሰሙት «አዎ ትሆንዎታለች» የሚለውን ነው፣ እንደዛ እንደሚሰሙትም አውቅ ነበር። ከዛ በላይ የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ ጀልባ ለምን ዓይነት ባህር እንደሆነ የሚገልጽ ሰሌዳ መለጠፍ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1998 ነው፣ ለምሳሌ ሲ የሚል ካለባት ቦፎርት በሚባለው የንፋስ መለኪያ እስከ 6 ኃይልና እስከ 2 ሜትር ማዕበል ትችላለች ማለት ነው። ይቺ ከዛ በፊት የተሠራች ስለሆነች ምንም የላትም። ስለዚህ ጋሼ የያዙት የኔን ቃል ብቻ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከልጃቸው ጋር አጥምደው ሲመለሱ ንፋሱ ተነሳ፣ ማዕበሉ አንድ ሜትር ተኩል ደረሰ፣ ሞተሩ ተንተፋተፈና ቀጥ አለ። ሞተሯ የጠፋ ጀልባ ደግሞ ዞራ ጎኗን ነው ለማዕበሉ የምትሰጠው፣ አንድ ሜትር ኪዩብ የባህር ውሃ ከ1000 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ውስጥ ከገባ ደግሞ ወዳዘነበለችበት እየሮጠ ይብስ ያጋድላታል። ያተረፋቸው መልህቁ ነው፣ ልጁ ጣለው፣ ያዘላቸው፣ አፍንጫዋ ወደ ማዕበሉ ዞረ፣ ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎትቶ አወጣቸው።

በማግስቱ ጋሼ መጡ። ፊልትሮውን በፌስታል ይዘውት ነበር፣ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። «ልጄ፣ አንተ ያልከኝ እውነት ነው፣ ሞተሩ ጥሩ ነው» አሉኝ። ሽሙጥ አልነበረም፣ ከልባቸው ነው ያሉት፣ ጥፋቱ የናፍጣው ነው ብለው አምነዋል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታንኩን ስንከፍተው ወለሉ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን አተላ አለ። ናፍጣ ታንክ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ላይ ተህዋስያን ይራባሉ፣ ያ ነው ያሟለጨኝ። በረጋ ውሃ እታች ተኝቶ ይኖራል፣ ማዕበል ሲያናውጠው ይነሳና ፊልትሮውን ይደፍናል፣ ማለትም ሞተሩ የሚጠፋው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ይሄን ከዛ በፊትም አውቀው ነበር! ብርጭቆው ነግሮኛል እኮ፣ እኔ ነኝ የጠረግኩት።

ለአለቃዬ ስነግረው «የተከፈለህ ሞተር ልታይ ነው» አለኝ። በወረቀት ደረጃ ልክ ነው። ግን ሆዷንም አላየሁላቸውም። ለማዕበል የምትሆን ፈጣን ጀልባ ሆዷ እስከ ኋላ ድረስ ሹል ሆኖ ነው የሚሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ ወደ ናሶ በተደረገው የጀልባ ውድድር በሻካራ ባህር ያሸነፈችው ሞፒ የምትባል ጀልባ እንደዛ ስለነበረች ነው ብዙ ሠሪ ቅርጹን የተከተለው። የጋሼ ጀልባ ኋላዋ ጠፍጣፋ ነው፣ ማዕበል ላይ እየተነሳች ትፈጠፈጣለች። የኋላ ግድግዳዋንም በመዶሻ እጀታ መታ መታ አላደረግኩም፣ ፋይበርግላሱ መሀል ያለው ኮምፔንሳቶ ውሃ ጠጥቶ ከበሰበሰ ድምፁ ድፍን ይላል፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው የት ባህር ላይ እንደሚነዷት ነው። ናፍጣው በደንብ እንዲናወጥ ታንኩ ግማሽ ሆኖ ንፋስ ባለበት ከሰዓት ከወደቡ እንወጣለን፣ ማዕበሉን ፊት ለፊትም ከኋላም እንወስደዋለን፣ ፊልትሮውን የማየው ከተመለስን በኋላ ነው። ያ ደላላ ከዛ ወዲህ ሰው አልላከልኝም። ብዙ ሻጮችም በንፋስ አናስወጣም ይላሉ፣ ባለፈውም አንዱ እንቢ አለ፣ ገዢው ደግሞ ቸኩሏል፣ ወረቀቱ ላይ «የታየችው በረጋ ውሃ ብቻ ነው፣ ለውጭ ባህር አልመሰክርም» ብዬ ጻፍኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌም አነበብኩለት። ገዛት። ስልኩን ይዣለሁ፣ ታንኩን ሳያስከፍት እንዳይወጣ ነገም እደውልለታለሁ።