አራት ሚሊ ቮልት

ግራፉ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። በሁለት የሊቲየም ገጽ መካከል የሴራሚክ ዲስክ በያዘ የባትሪ መፈተኛ ሴል ውስጥ 0.2 ሚሊ አምፔር አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየተነዳ 300 ሰዓት ሲሞላ፣ ቮልቴጁ ከ4 ሚሊ ቮልት ንቅንቅ አላለም። ጠጣር ኤሌክትሮላይት (በባትሪ ውስጥ በፈሳሽ ፋንታ አዮን፣ ማለትም ቻርጅ ያለው አተም፣ የሚያሳልፍ ጠጣር ነገር) ላይ ለሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ መስመር የሚያስጨንቅ ነው፤ ዲስኳን የሠራችውን ዶክተር ግን ስላይድ አሠራት። ቮልቴጁ 48 ሚሊ ቮልት አካባቢ የነበረባቸው የመጀመሪያዎቹ 60 ሰዓታት «መለማመጃ» ተብለው ከግራፉ ተቆርጠዋል።

እጇ እንዳልሰነፈ ግን መመስከር ያስፈልጋል። ኤሌክትሮላይቷ፣ ጋርኔት ከሚባል ሊቲየም ያለበት ሴራሚክ የተሠራችው ዲስክ፣ ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስትተኮስ ሊቲየሟ ተንኖ እንዳያልቅ በራሷ ዓይነት ዱቄት ተቀብራ ነው። ጋርኔት አየር ሲነካው ላዩ ላይ የሊቲየም ካርቦኔት ሽፋን ያወጣል፤ የቀለጠ ሊቲየም በዚያ ሽፋን ላይ፣ ቅባት በነካው ሳህን ላይ እንዳለ ውሃ፣ ይንከባለላል እንጂ አይለጠፍም። ስለዚህ ሁለቱም ፊቷ ግሎቭ ቦክስ (አየር የማይገባው፣ በጓንት የሚሠራበት ሳጥን) ውስጥ፣ በአርጎን ጋዝ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ፣ ወዲያው ሊቲየም ተጫነበት። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም።

ሴሉን መያዣው ላይ የገጠመው አንጋፋው ቴክኒሺያን ስክሪኑን ቆሞ ሲያይ ቆየ።

«ዶክተር፣ ይህቺ ዲስክ ለብቻዋ ስንት ኦም ናት?»

የሬዚስታንሷ፣ ማለትም ጅረትን የምታግድበት መጠን፣ ስሌት የደቂቃ ነው። ውፍረቷ 1 ሚሊ ሜትር፣ ሊቲየሙ የሸፈነው ስፋት 1 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ አዮን የማሳለፍ አቅሟ በሴንቲ ሜትር 0.5 ሚሊ ሲመንስ፤ 0.1 ለ0.0005 ሲካፈል 200።

«ሁለት መቶ።»

«አሁን ስክሪኑ ላይ ያለውስ?»

4 ሚሊ ቮልት ለ0.2 ሚሊ አምፔር።

«ሃያ።»

«መቶ ሰማንያው የት ሄደ?»

«ንክኪው ተሻሽሎ ነዋ» አለች። ብዙ ጽሑፍ ላይ የሚገኝ መልስ ነው። ሊቲየሙ ቀስ በቀስ ዲስኳ ላይ ይተኛል፣ ክፍተቱ ይሞላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል።

«ንክኪው ቢሻሻልማ የንክኪው ኦም ይቀንሳል። ከ48ቱ ሚሊ ቮልት አርባው የዲስኳ ነው፤ ንክኪው ስምንቷን ብቻ ይወስድልዎታል። የዲስኳን የራሷን ማን ወሰደው?»

መልስ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም። ከኤሌክትሮላይቱ በታች የወረደ ሬዚስታንስ ማለት ኤሌክትሮን በአቋራጭ እያለፈ ነው ማለት ነው፤ ሴሉ ሾርት አድርጓል። ሾርቱ ቀጭን ስለሆነ ቮልቴጁ ዜሮ አልገባም፤ አሳሳቹም ይኸው ነው። ደህና ሴል ቢሆን፣ ሊቲየሙ ከአንዱ ወገን ሲነሳ ከሥሩ ክፍተት እየፈጠረ ስለሚሄድ፣ መስመሩ በየዙሩ መጨረሻ ትንሽ ቀና ማለት ነበረበት። ፍጹም ጠፍጣፋ መስመር የሽቦ ጠባይ ነው።

ዶክተሯ ላለመሸነፍ ሴሉን አቀዘቀዘችው፤ ትክክለኛው ፈተና ይኸው ነው። ማሞቅ እንዲህ ባለ ግማሽ ሾርት ላይ ያወናብዳል፤ የዲስኳም ሬዚስታንስ በሙቀት ስለሚቀንስ ድምሩ ወርዶ ጤነኛ ይመስላል። ቅዝቃዜ ግን ይለያቸዋል። አዮን ሲበርደው ይሰንፋል፣ ብረት ግን ይቀለዋል። ከ25 ወደ 0 ዲግሪ ሲወርድ የጤነኛ ዲስክ ሬዚስታንስ ሦስት እጥፍ ያህል መጨመር ነበረበት። የእሷ ሴል ከ20 ኦም ወደ 19 ወረደ።

ሴሉ ተፈቶ ዲስኳ መብራት ላይ ስትያዝ፣ ከጠርዙ አጠገብ ከፊት እስከ ጀርባ የዘለቀ ጥቁር መስመር ታየ። ስንጥቅ ነው፣ ውስጡ ሊቲየም ገብቶበታል። ሊቲየም ለስላሳ ብረት ስለሆነ በግፊት መንገድ ካገኘ ይፈሳል፤ የኤሌክትሪክ ጅረቱ ደግሞ እዚያው እየተሰበሰበ ያራዝመዋል። ስንጥቁ ከሦስቱ የመያዣ ብሎኖች ከአንዱ ትይዩ ነው። ሦስቱን በየተራ፣ በትንሽ በትንሹ ማጥበቅ ሲገባ አንዱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ከጠበቀ፣ እንደ ሸክላ ተሰባሪ የሆነችው ዲስክ ባንድ ጎኗ ትጎብጣለች።

ቴክኒሺያኑ መስመሩን አይቶ ዝም አለ።

«ትንሽ ነው እኮ ያጠበቅኩት» አለ በመጨረሻ።

«ትንሽ ማለት ስንት ኒውተን ሜትር ነው?» አለች ዶክተሯ።

ቶርክ መፍቻው መሳቢያው ውስጥ፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ተገኘ።